የደን ምሁሩና የድንጋይ ካቡ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እስኪ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ደቡብ ጎንደርን ፈልጉ። ከደብረ ታቦር ተነሱና ጉናን በቀኝ እየተዋችሁ ወደ ነፋስ መውጫ ሂዱ። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ውረዱ፤ ወደ ምዕራብ ስትዞሩ እስቴን ታገኛላችሁ። የምታዩት መሬት አብዛኛው የታረሰና የተሸረሸረ ነው፤ በበጋ ደግሞ እንደ ደረቀ ቁርበት ቡናማ ይሆናል። በመካከሉ ግን እዚህም እዚያም ክብ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። አጉልታችሁ ስታዩት ከመሐሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ያበራል። ቤተ ክርስቲያን ነው። በዞናችን እንዲህ ያለ ደን ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ከሺህ በላይ ናቸው።

እኛ በዚህ አገር ተወልደን ያደግን ሙስሊሞች እነዚህን ደኖች ከውጭ እናውቃቸዋለን። ገበያ ስንሄድ በአጥራቸው ሥር አልፈናል፤ ፀሐይ ሲከብድብን በጥላቸው ዳር አርፈናል፤ ከሥራቸው ከሚወጣው ምንጭም ቀድተናል። ውሃው ሲቀዳ የማን ሃይማኖት ነህ ብሎ የጠየቀን የለም። ዛሬ ስለእነዚህ ደኖች የምንጽፍላችሁ ግን ትዝታ ለማውራት አይደለም። እድሜውን ለእነሱ ስለሰጠ አንድ የአገራችን ምሁር፣ ከሥራውም ስለተማርነው ነገር ልናወጋችሁ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "የመስጂድ አገልጋዮች ሆናችሁ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ምን አስጻፋችሁ?" ትሉ ይሆናል። ጥያቄው አግባብ ነው። መልሳችን አጭር ነው፦ ዒልም የትም ይገኝ፣ ለመሬታችንና ለውሃችን የሚጠቅም እስከሆነ ድረስ እንማረዋለን። የቀረውን እያነበባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ።

ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ ይባላሉ። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 ስዊድን አገር ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የጻፉት ጥናት የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደንን በመጠበቅ ረገድ ስላላቸው ዕድልና ስለሚገጥማቸው ችግር ነበር። ከዚያ ወደ ሆላንድ ሄደው በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ጉዳይ ላይ ቆዩና እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ሥራቸውን ጨረሱ። ልብ በሉ፤ ሰውየው በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው የአማዞንን ወይም የኮንጎን ደን ማጥናት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ወደዚሁ ወደ እኛ ዞን ተመለሱና 28 ደኖችን እየዞሩ ዛፍ ቆጠሩ።

በእነዚያ 28 ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት አገኙ። ዛፉን፣ ቁጥቋጦውንና ሐረጉን ጨምሮ ማለት ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ሎል፣ ሌላም ብዙ። ከደኑ ውጭ ባለው እርሻ ላይ ቆማችሁ ብትቆጥሩ ከባሕር ዛፍ ሌላ ስንት ዓይነት ታገኛላችሁ? ሞክሩትና ንገሩን።

ትልቁ ሥራቸው ግን ቆጠራው አይመስለንም። ዶክተሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ደኑ ቆሟል፣ ሽማግሌዎቹ ዛፎች አሉ፣ ልጆቹ ግን የሉም። ትልልቅ ጽዶች ዘር ይጥላሉ፤ ከሥራቸው ግን የሚያድግ ችግኝ አይታይም ወይም በጣም ጥቂት ነው። ልጅ የሌለው መንደር ምን ይሆናል? ሽማግሌዎቹ እስካሉ ድረስ ከሩቅ ሲያዩት መንደር ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ግን ያበቃል። ስለዚህ ዶክተሩ ምክንያቱን መፈለግ ጀመሩ። ዘሩ ነው ያልበቀለው? አይጥና ነፍሳት በልተውት ነው? ጥላው በዝቶበት ነው? ወይስ ከብት ነው?

ይህንን በግምት አልመለሱትም። ገላውዴዎስና ደብረ ሰና በተባሉ ሁለት ደኖች ውስጥ ዘር ዘሩ፣ ችግኝም አኖሩ። ከቦታው ከፊሉን ከብት እንዳይገባበት አጠሩት፤ ከፊሉን ክፍት ተዉት። ከዛፍ ጥላ ሥር ያለውንና ብርሃን የሚገባበትን ክፍት ቦታም አነጻጸሩ። ከዚያ ጠበቁ። መጠበቅ የሚለውን ቃል በቀላሉ አትለፉት፤ የደን ሳይንስ ግማሹ መጠበቅ ነው። በመጨረሻም በታጠረው ውስጥ የበቀለውም፣ በቅሎ የተረፈውም ከክፍቱ በልጦ ተገኘ። ክፍት በሆነው ቦታ የከብት ኮቴና አፍ ችግኙን ጨረሰው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ነፍሳትና አይጥ መሬት ላይ የወደቀውን ዘር ይበሉታል፣ የበጋው ድርቀትም ለጋውን ይገድለዋል። ሰው በእጁ ዛሬውኑ ሊያስተካክለው የሚችለው ግን ከብቱን ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ግኝት ለጋይንት እረኛ አዲስ ነገር ነው? "ፍየል ችግኝ ትበላለች" ብላችሁ ብትነግሩት ይስቅባችኋል። አንዳንድ ወጣቶች "ታዲያ ይህንን ለማወቅ ዶክትሬት ያስፈልጋል ወይ?" ይላሉ። እኛ ያስፈልጋል ባዮች ነን። እረኛው ፍየል ችግኝ እንደምትበላ ያውቃል፤ ደኑ ልጅ አልባ ሆኖ እያረጀ መሆኑን፣ ከነበሩት ምክንያቶች ሁሉ ቀድሞ ሊቆም የሚችለው የትኛው እንደሆነ ግን በማስረጃ የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። በመድረሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር ሁሉ ኢስናዱ ካልተመረመረ አይያዝም። ሳይንስም የራሱ ኢስናድ አለው።

ስለ ኢስናድ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ሁላችንም ትምህርት ቤት "ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል" ተብለን ተምረናል። በየስብሰባው ይነበባል፣ በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ ይጻፋል። ጄምስ ማካን የሚባል አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እየተከተለ መረመረው። አንዱ ከአንዱ እየቀዳ የመጣ እንጂ መነሻው ላይ የቆመ መረጃ የሌለው ሆኖ አገኘው። በእኛ አነጋገር ሰነዱ የተቆረጠ ማለት ነው! ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሱትን የአካባቢያችንን ፎቶ ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት። ያገኙት ነገር ያስደንቃል። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹ በአብዛኛው በስፋት አልጠፉም፣ አሉ። የጠፋው በደኑ ዙሪያና በደንና ደን መካከል የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ነው። በዳራቸውና በውስጣቸው ደግሞ ባሕር ዛፍ እየገባ ነው።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል? ጠላትህን በትክክል ካላወቅህ መድኃኒቱን አታውቅም። ደኑ ተቆርጦ አለቀ ካልን መፍትሔው መትከል ብቻ ይመስለናል። ደኑ ቆሞ ከውስጥ እያረጀ ነው፣ ዙሪያውም ተራቁቶ ብቻውን ቀርቷል ካልን ግን መፍትሔው ሌላ ነው፤ በሩን ዝጋ፣ ከብቱን አስወጣ፣ ዘሩ ራሱ ይነሳ።

ዶክተር ዓለማየሁም ወደዚህ ሄዱ። በአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ተዋወቁና አብረው መሥራት ጀመሩ። ቄሶቹን ሰበሰቡ። የሳተላይቱን ፎቶ አሳዩአቸው። በየቀኑ ከውስጥ የሚያዩትን ደን አንድም ቀን ከላይ አይተውት የማያውቁ ሰዎች፣ ደናቸው በባዶ መሬት መካከል ያለች አንዲት ትንሽ ነጥብ መሆኗን ሲያዩ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በቄሶቹና በገበሬው እጅ ገባ። የድንጋይ ካብ መካብ ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ደብረ ሰናና ዣራ ይጠቀሳሉ። ድንጋዩ ከእርሻው ይለቀማል። ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፣ ደኑ ካብ ያገኛል፣ በበሩ ከብት አይገባም። ሲሚንቶ የለ፣ ከውጭ የሚገዛ ሽቦ የለ። ካብ መካብ ደግሞ የጋይንትና የስማዳ ሰው ከአያቱ የወረሰው ሙያ ነው።

እኛን ከሁሉ በላይ የነካን ይሄኛው ነው። ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ የዶክትሬቱ ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ይችል ነበር። ብዙዎቹ እንዲያ ነው የሚቀሩት።

ከዓመታት በፊት አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ መስጂዳችን መጥቶ ነበር። የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ እንተወው። ትሑት ልጅ ነው፣ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ከዙሁር በኋላ ጠበቀን። ወረቀት ይዞ ከጀመዓው ሽማግሌዎችን እንዲጠይቅ ፈቃድ ፈለገ። ጥያቄው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ነበር። "በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ያለዎት ግንዛቤ፦ በጣም ከፍተኛ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ" ይላል። አንድ አባታችን ዱላቸውን ተደግፈው ሰሙትና "ልጄ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል፤ በልግ የሚባለውንማ ረስተነዋል። ይህ በየትኛው ሳጥን ይገባል?" አሉት። ልጁ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ "ከፍተኛ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱ የት እንደደረሰ አልሰማንም። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ (አላህ ይዘንላቸው) "ያ ልጅ ምን አገኘ?" እያሉ ይጠይቁን ነበር።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አሠራሩ እንዲያ ሆኖ ነው የተሠራው። መምህሩ እድገት የሚያገኘው በታወቀ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ካልከፈሉ የማይነበብ ነው። ስማዳ ላይ መልስ የሰጠው ገበሬ ያንን ጽሑፍ ሊያነብ አይችልም፤ የወረዳው ግብርና ባለሙያም አያገኘውም። ገበሬው መልሱን ሰጥቶ ቀረ ማለት ነው። አማና አይደለም ወይ? በመድረሳ አንድ ደረሳ ኪታብ ሲያኸትም ሸኻቸው የሚሉት ነገር አለ፦ ሂድና ለሰፈርህ አቅራ። ለራሱ ይዞት ከተቀመጠ ምን ሊሆንለት ነው? በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆቻችን፣ በተለይ በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር የምትማሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ ሁለት ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ መረጃ ለሰጣችሁ ቀበሌ ውሰዱለት። ነጥብ አይጨምርላችሁም፤ አውቀን ነው የምንለው።

የዚህ ዘመን የአገራችን ተመራማሪ ሌላም ፈተና አለበት። የደን ጥናት ዓመት በዓመት እየተመለሱ ያንኑ ዛፍ መለካት ይፈልጋል። ባለንበት ጊዜ በክልላችን ሜዳ ወርዶ መሥራት ምን ያህል እንደከበደ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። አንድ ዓመት ያልተለካ ችግኝ የዚያ ዓመት ታሪኩ የለም፤ ሰላም ሲመጣም ተመልሶ አይለካም። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያምጣልን።

ወደ ፖሊሲው እንምጣ። ስለ ፖሊሲ ሲወራ መጀመሪያ ሊታወሱ ከሚገባቸው አንዱ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 አድዋ አካባቢ የተወለዱ የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አርፈዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ በኋላም የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት መሩ። ዘረመላቸው የተለወጠ ሰብሎችን ዝውውር በሚመለከተው የካርታሄና ስምምነት ድርድር ላይ የታዳጊ አገሮችን ቡድን ወክለው ከኃያላኑ ጋር የተሟገቱት እሳቸው ናቸው፤ ስምምነቱም እ.ኤ.አ. በ2000 ጸደቀ። እዚሁ አገር ቤት ደግሞ ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ገበሬ መንደሮች ኮምፖስት እንዴት መሬት እንደሚያድን ከገበሬው ጋር ሠርተው አሳይተዋል። ከመምህርነት ወደ ሥልጣን የሄደ ምሁር ብዙ ጊዜ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ የተባለውን ይደግማል። እሳቸው በሁለቱም አልታሙም። እኛ የሚገርመን ያ ሁሉ የዓለም ድርድር እያለባቸው ፍግ ከሚያገላብጥ ገበሬ ዘንድ መገኘታቸው ነው።

አገራችን የተጻፈ ፖሊሲ አላጣችም። የአካባቢ ፖሊሲ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጥቷል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2002 ታወጀ። አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለው ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2011 መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከፓሪሱ ስምምነት በፊት ኢትዮጵያ የጋዝ ልቀቷን እ.ኤ.አ. በ2030 በተለመደው አካሄድ ይደርሳል ከተባለው በ64 በመቶ ዝቅ ለማድረግ ቃል ገባች። አየሩን ከበከሉት አገሮች አንጻር የእኛ ጭስ ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ቃል መግባት የሚያስመሰግን ነው። ግን 64 በመቶው ስማዳ ላይ ሲደርስ ምን ሆኖ ይደርሳል? ፍየሏን ከችግኙ የሚያስወጣው ማን ነው? ይህንን የሚመልስ ወረቀት አላየንም።

በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል ተባለ። ብዙዎቻችሁ ወጥታችሁ ተክላችኋል፣ እኛም ከጀመዓው ጋር ወጥተናል። መትከል መልካም ነው፤ ሙስሊም ተክሎ ወፍና እንስሳ ከበሉለት ሰደቃ እንደሚሆንለት የማያውቅ የለም። የምንለው ሌላ ነው። የተተከለው በሚሊዮን ይነገራል፤ የጸደቀው ግን በዚያው ድምፅ አይነገርም። ክረምት ላይ ካሜራ አለ፣ ዘፈን አለ። ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ ችግኙ ብቻውን ነው። የዶክተር ዓለማየሁ ጥናት ደግሞ የሚነግረን የወሳኙ ጊዜ ስም ጥር መሆኑን ነው። በጋውን ያለ ከብት ያለፈ ችግኝ ዛፍ ይሆናል።

የጋይንትና የስማዳ ሰው ሥራ አይፈራም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሴፍቲኔት ስንት ተራራ እንደተከበበ፣ ስንት እርከን እንደተሠራ እናንተው አይታችኋል። የማታውቁት ካላችሁ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ጋይንት በድርቅ ስሟ የሚነሳ አገር ናት። ሰባ ሰባትን ያዩ ሰዎች ዛሬም እህል ሲደፋ ካዩ ይቆጣሉ። በ2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ የተባለው የሩቅ ውቅያኖስ ሙቀት ክረምታችንን ሲያዛባው በየመስጂዱ ለዝናብ ሰላት ወጥተናል። ልብሳችንን ገልብጠን፣ ሕፃናቱን ይዘን፣ ሜዳ ላይ ቆመን ለመንን። ያንን ቀን የማይረሳ ነገር አለ፦ የቆምንበት ሜዳ ላይ አንድም ጥላ አልነበረም። ከሰላት በኋላ አሮጊቶቹ እናቶቻችን የሚያርፉበት አጥተው ሄደው ሄደው የተጠለሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳር ነው። ሰዎቹም ውሃ አወጡላቸው፤ አላህ ይመንዳቸው።

ይህ ወደ ራሳችን ያመጣናል። የእኛስ ነጠብጣብ የት አለ? ወሎ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ዳናና ጀማ ንጉሥን በመሰሉ ቦታዎች ዙሪያ አሮጌ ዛፍ ይታያል። የእኛ አገር መስጂዶች ግን አብዛኞቹ በከተማ ውስጥ፣ በጠባብ ግቢ ናቸው፤ ዛፍ የሚያስቆም መሬት የላቸውም። ያለን መቃብር ነው።

ፊቂህ የቀራችሁ ኢሕያኡል መዋት የሚለውን ባብ ታስታውሳላችሁ። በሚንሃጅ ውስጥ አለ። የሞተ መሬት ስለማቅናት ነው የሚያወራው፤ ግን እዚያው ውስጥ ስለ ጉድጓድና ስለ ምንጭ ሐሪም፣ ማለትም ማንም ሊያርሰው ስለማይገባው ዙሪያ ይናገራል፤ ስለ ሒማም ያነሳል። ሒማ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የሚከለል ግጦሽ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ከልለዋል፤ የመዲናን ሐረምም ዛፉ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል። እኛ ይህንን ባብ የቀራንባቸው ሸኽ ትምህርቱን ሲጨርሱ ከመስጂድ አውጥተው ወደ ምንጩ ወሰዱንና "ሐሪሙን በእርምጃ ለኩ" አሉን። ስንለካ የአንድ ሰው ጎመን ሐሪሙ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ሸኻችን ሰውየውን ጠርተው ምን እንዳሉት አናውቅም፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ጎመኑ አልነበረም።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ ይኸውላችሁ። የከተማችን ሙስሊም መቃብር ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ውስጡ አሮጌ ወይራዎችና ጥቂት ግራር አሉ። ማንም አልተከላቸውም፤ መቃብር ስለሆነ ብቻ ያልተነኩ ናቸው። ከሥራቸው ዘር አለ፣ ችግኝ ግን የለም። ዶክተሩ በገላውዴዎስ ያዩት ነገር ነው፣ እዚህም ያው ነው። ፍየል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል።

ከጀመዓው ከፊሉ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የመቃብሩ ባዶ ቦታ ባሕር ዛፍ ይተከልበት፣ በአምስትና በስድስት ዓመት ተሽጦ የመስጂዱ ጣሪያ ይሠራ። ሐሳቡን ያቀረቡት የተከበሩ አባቶች ናቸው፤ ስስትም አይደለም። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፤ ባለፈው ክረምት በሁለተኛው ሰፍ ላይ ባልዲ አስቀምጠን ሰግደናል። ባሕር ዛፍም የድሃ ባንክ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ስንቱን ቤት እንዳቆመ፣ ስንቱን ልጅ እንዳስተማረ እናውቃለን። የሚሰድበው ሁሉ ቤቱ በምን እንደተሠራ ይይ።

እኛና ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ሌላ አልን። ቁልቁለት ላይ ያለ መሬት ነው፤ ከሥሩ ምንጭ አለ፤ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ እምብዛም አያበቅልም። በየስድስት ዓመቱ ሲቆረጥ ደግሞ በመቃብር ላይ ግንድ ሊጎተት ነው። ስለዚህ ካብ እንካብ፣ ከብት እናስቀር፣ ወይራው ራሱ ይተካ። ጣሪያውን በመዋጮ እንሥራ። አንድ አባታችን በትዕግሥት ሰምተውን "የእናንተ ወይራ የሚደርሰው ስንት ዓመት ነው?" አሉ። እውነቱን ነገርናቸው፦ የእኛ ልጆችም ትልቅ ሆኖ ላያዩት ይችላሉ። "ጣሪያው ግን ዘንድሮ ነው የሚያፈሰው" አሉን። ለዚህ ፈጣን መልስ የለንም። የደን ሳይንቲስቱም፣ ፖሊሲ አውጪውም ያለበት ጭንቅ ይኸው ይመስለናል፤ የሚፈስ ጣሪያ ካለበት ሰው ፊት ቆሞ ስለ መቶ ዓመት ማውራት።

ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከጁሙዓ በኋላ በሹራ እንጨርሰው ብለው ቀጠሮ ይዘዋል። በጣሪያው በኩል ከከተማው ነጋዴዎች አንዳንዶቹ ቆርቆሮ ሊያዋጡ ቃል ገብተዋል፤ ቁጥሩ ገና አልሞላም። ወጣቶቹ ግን ሹራውን አልጠበቁም። ከዐስር ሰላት በኋላ በየማሳው እየዞሩ ድንጋይ ይለቅማሉ፤ ገበሬዎቹም ማሳቸው ስለሚጸዳላቸው ደስ ብሏቸው በአህያ ያግዟቸዋል። አብዛኞቹ ገበሬዎች ክርስቲያኖች ናቸው። በምዕራቡ በኩል ካቡ ከጉልበት በላይ ደርሷል። በምንጩ በኩል ያለው ገና ክፍት ነው፤ ትናንት ማታ ስናልፍ ሦስት ፍየሎች በዚያ ገብተው ከወይራው ሥር ተኝተው አገኘናቸው።